የአባዬ ጆሮና የሲኞር ኤቶሬ መኪና

አባዬ ቦሌ ድረስ እኔ ራሴ ካላደረስኳት ብሎ ድርቅ አለ። አውሮፕላኔ የሚነሳው ከምሽቱ አምስት ሰዓት ነው፤ እኛ ከአቃቂ የወጣነው ገና በዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ሳትበርድ። ሊሰናበቱኝ የመጡ ጎረቤቶች "ምነው እንዲህ መጣደፍ?" ሲሉ እማዬ፣ "ለአውሮፕላኑ አይደለም፤ ለዚች መኪና ነው። እሷ መንገድ ላይ ማረፍ ትወዳለች" አለቻቸው። ሁሉም ሳቁ። እኔ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝና ሻንጣ የማስተካክል መስዬ ጎንበስ አልኩ።

መኪናችን በዕድሜ ከእኔ በአራት ዓመት ትበልጣለች። አባዬ የፋብሪካ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ የገዛት ናት፤ ሲገዛትም በሁለት ባለቤት እጅ አልፋለች። ኪሎሜትር ቆጣሪዋ ሦስት መቶ ሺህ ካለፈ በኋላ ቆሟል። "የደከመው ቆጣሪው ነው፤ እሷ አልደከመችም" ይላል። እማዬ ደግሞ "እኔን አንድ ቀን እንኳ 'ምን ይሰማሻል' ብሎኝ አያውቅም፤ እሷን ግን በየጠዋቱ ይጠይቃታል" ትላለች። እውነት ነው፤ ይጠይቃታል። ቂሊንጦ ልብስ ፋብሪካ ስሠራ የሠራተኛ ሰርቪስ በራችን አጠገብ ይቆም ነበር፤ አባዬ ግን መኪናዋ መንቀሳቀስ አለባት ብሎ በየቀኑ ያደርሰኛል። ኮፈን ሥር ያለውን ሁሉ ያወቅኩት በዚያ መንገድ ነው። "ይሄን ድምፅ ሰማሽ? ምንድነው?" ይለኛል፤ ካላወቅኩ እስካውቅ ድረስ ፋብሪካው በር ላይ አያወርደኝም።

ሳሪስ ስንደርስ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ። ዳር ያዘና ኮፈኑን ከፈተ። ወዲያው ሰው ከበበን። አንዱ "ውሃ ጨምርባት"፣ ሌላው "ቴርሞስታቱን ነቅለህ ጣለው"፣ ሦስተኛው "ሽጣትና ተገላገል" ይላል። አባዬ ማንንም አልሰማም። ወደ እኔ ዞሮ፣ "ሙሉ፣ ነይ። ምን ይሰማሻል?" አለኝ።

"ሞተሩ ጠፍቷል እኮ አባዬ።"

"ውሃው ሲፈላ አይሰማሽም? እስኪረጋጋ ክዳኑን አትነኪም። የቸኮለ ሰው ፊቱን ነው የሚያቃጥለው።" ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰውም እንደዚሁ ነው። የሚጮህብሽ ሲመጣ እስኪበርድለት ጠብቂው" አለኝ።

ሳልሄድ የሰጠኝ የመጨረሻ ምክር ይሄ ነበር። ቦሌ ስንደርስ ፖሊሱ "ተንቀሳቀስ! ተንቀሳቀስ!" ስለሚል በመስኮት ነው የሳመኝ። እማዬ ከኋላ ወንበር ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ፖሊሱ እሷን ሲያይ አፈረና ፊቱን አዞረልን።

ሮም ላይ የተቀበለችኝ አክስቴ ሰናይት ናት። ሃያ ዓመት አዛውንት ስትጦር የኖረች ሴት ናት፤ ሥራውንም የሥራ ቪዛውንም የጨረሰችልኝ እሷ ነች። "መንጃ ፈቃድ ያላት ይፈልጋሉ፤ ዕድለኛ ነሽ" ብላ በማግስቱ ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ላይ አሳፈረችኝ። ያስጠናችኝን አራት የጣሊያንኛ ዓረፍተ ነገር ባሱ ሳይነሳ ረሳኋቸው። በመስኮት የማየው ጽሑፍ ሁሉ ዝም ብሎ የፊደል ሰልፍ ነበር። ከዚያ አንዲት ትንሽ ከተማ ስናልፍ ጎማ የተከመረበት ቤት አየሁ። በላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ፊደል በፊደል አነበብኩት። ጎሚስታ። ጎሚስታ ይላል! ልክ ቃሊቲ መንገድ ዳር በቀለም እንደሚጻፈው! እማዬን ስሰናበት ያልወጣ እንባ ያኔ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ መሃረብ ሰጠችኝ። የጎማ ጠጋኝ ቤት አይቶ የሚያለቅስ ሰው በሕይወቷ ያየች አይመስለኝም።

የደረስኩባት መንደር ተራራ ላይ የተንጠለጠለች ናት፤ ስሟን ብጽፍላችሁም አታውቋትም። አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ አንዲት ቡና ቤት፣ በቀን አንዴ የሚመጣ አውቶቡስ። ብርዱ እኛ እንደምናውቀው የጠዋት ብርድ ፀሐይ ስትወጣ የሚሄድ አይደለም፤ እርጥብ ነው፣ ካልሲ ውስጥ ገብቶ አብሮ ያድራል። ጎረቤት ጎረቤቱን ለማየት ቀድሞ ይደውላል። እኛ ሰፈር መጋረጃውን ገልጦ "የት ጠፋችሁ?" የማይል ማን አለ? ምግቡም አለላችሁ፤ ፖሌንታ የሚሉት ነገር ገንፎ ነው፣ የበቆሎ ገንፎ። ግን መሃሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤና በርበሬ አያፈሱበትም። ክርስትና ያልተነሳ ገንፎ በሉት።

የምጦራቸው ሰው ሲኞር ኤቶሬ ይባላሉ፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ከመንደር መንደር እየዞሩ የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግኑ ኖረዋል። ዳሌያቸው ተሰብሮ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ መንዳትም ተከልክለዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት "ግራትዚዬ" ብለው ከማመስገን በቀር አላናገሩኝም። ስሜንም መጥራት ይፈሩ ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሙሎ ማለት በነሱ ቋንቋ በቅሎ ማለት ነው። እንግዳ ሴትን በቅሎ ብሎ መጥራት ነውር መስሏቸው ነው ለካ።

ሐሙስና እሁድ ግን ቤቱ ይነቃል። ሲኞር ኤቶሬ ፂማቸውን ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ተኩሰው በር ላይ ይቆማሉ። ባለቤታቸው ሲኞራ ኢዳ ከተራራው ሥር ባለው ከተማ መጦሪያ ውስጥ ናቸው፤ ማስታወስ ካቆሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እኔም የተቀጠርኩት በዋናነት እዚያ እንዳደርሳቸው ነው። መጋረጃ የመሰለ ሸራ ገልጠው መኪናዋን ሲያሳዩኝ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። አራት ማዕዘን፣ አረንጓዴ፣ የአባዬ መኪና ታናሽ እህት የምትመስል። ቆጣሪዋ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ይላል። ስትነሳ ሰማያዊ ጭስ ተፋችና ግቢው ጠፋብን። ሲኞር ኤቶሬ የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ይቅርታ የሚሉ መሰለኝ። "ችግር የለም፤ ቤቴ የገባሁ ያህል ነው" አልኳቸው በአማርኛ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ወደ ቀኝ በጠመዘዝኩ ቁጥር ከታች ታጓራለች። ወደ ግራ ሲሆን ዝም። መንገዱ ገደል ለገደል ስለሆነ ደነገጥኩና ሜዳው ላይ ስንደርስ ቆሜ ለአባዬ ደወልኩ።

"አትንገሪኝ፤ አሰሚኝ" አለ።

ስልኩን ለሲኞር ኤቶሬ ሰጥቼ በመስኮት አውጥተው ወደ ታች እንዲይዙት በምልክት ነገርኳቸው። ለምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን ያዙ። ባዶ የእህል መጋዘን ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ ዞርኩ።

"የፊት ግራ" አለ አባዬ በላውድ ስፒከር። "የጎማው ኩሽኔታ ነው። ጨርሷል።"

ሲኞር ኤቶሬ ንብ የነደፋቸው ይመስል ዞሩ። "ኩሺኔቶ?"

"ኩሽኔታ!" አለ አባዬ።

"ኩሺኔቶ! ሲ! ሲ!" ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉና እንደ ፈታኝ አስተማሪ የመኪናዋን ዕቃ አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመሩ። "ካምቢዮ?"

"ካምቢዮ ደህና!" አለ አባዬ ከአቃቂ።

"ፍሪሲዮኔ?"

"ፍሪሲዮን ደህና!"

"ማርሚታ?"

አባዬ እንደገና ሞተሩን አስነሺ አለኝና አዳመጠ። "ማርሚታ... ኤጭ! ጭስ ማውጫዋ ቀዳዳ አላት፤ የሆነ ሰው በቆርቆሮ ደፍኗታል።"

በጣቴ ቀዳዳ ሠርቼ፣ በመዳፌ ደፍኜ አሳየኋቸው። ሲኞር ኤቶሬ እስኪያስላቸው ሳቁ። በቆርቆሮ የደፈኑት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎች እኔን ትተው ካንዴላ፣ ራዲያቶሬ፣ ጓርኒሲዮን እየተባባሉ ሩብ ሰዓት ቆዩ። ከመኪና ዕቃ ስም ሌላ አንድም የጋራ ቃል የላቸውም። አባዬ ዳቦ እንኳ በጣሊያንኛ መጠየቅ አይችልም፤ መኪና ግን ፈታትቶ ይገጥማል።

ወደ መጦሪያው ስንሄድ ሲኞር ኤቶሬ በቀስታ፣ እንዲገባኝ እየቆራረጡ ጠየቁኝ። አባትሽ ይሄን ቋንቋ የት ተማረ? ምን ልበላቸው? አባዬ ከአለቃው፣ አለቃው ከአለቃው፣ የመጀመሪያው አለቃ ደግሞ ማን እንደነበረ እናንተም ታውቃላችሁ። መንገዱን እያየሁ ማርሽ ቀየርኩ። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና መልሱ ራሱ የመጣላቸው ይመስለኛል፤ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ልንደርስ ስንል "አባትሽ ጥሩ ጆሮ አለው" አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ በስሜ ይጠሩኛል።

ኩሽኔታው ተቀየረ። ግን ጥቅምት ላይ ልጃቸው ፓኦላ ከምትኖርበት ሩቅ ከተማ መጣችና ጭሱን አየች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እንዳትጠሏት። ማብሰያ ቤት ውስጥ አስቀምጣኝ በቀስታ አስረዳችኝ።

"መኪናዋ በሚቀጥለው ወር ምርመራ አለባት። ካለፈች እሰየው፣ ዝም እላለሁ። ካላለፈች ትወገዳለች፤ አባቴንም እኔ አጠገብ ወዳለ መጦሪያ እወስደዋለሁ። አንቺን ለማባረር አይደለም። አንድ ቀን ገደል ገብታችኋል ተብሎ እንዳይደወልልኝ ነው።"

"ሌላ መኪና ብትገዢላቸውስ?"

"ገዝቼ ነበር" አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። "አምና። እናቴ አልገባም ብላ መንገድ ላይ ጮኸች።"

ያኔ ነው ሐሙስና እሁድ የማየው ነገር ትርጉሙ የገባኝ። ሲኞራ ኢዳ ባለቤታቸውን መጦሪያው ውስጥ ሲያገኙ "ደህና ዋሉ ዶክተር" ነው የሚሏቸው። ያችን አሮጌ መኪና ሲያዩ ግን ራሳቸው በሩን ከፍተው ከፊት ይቀመጣሉ፣ ቀበቷቸውን ያስራሉ፣ ገና ሳንነሳ "ፒያኖ፣ ኤቶሬ፣ ፒያኖ" ይላሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። የሚሉት ለሚነዳው ሰው ስለሆነ አሁን ኤቶሬ እኔ ነኝ። ሲኞር ኤቶሬ ከኋላ ወንበር ሆነው "እሺ ኢዳ፣ ቀስ እላለሁ" ብለው ይመልሱላቸዋል። ወንዙ ድረስ ሄደን እንመለሳለን። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት፣ ሚስታቸው በስማቸው ይጠሯቸዋል።

ሥራዬ ከሄደ የመኖሪያ ወረቀቴም አብሮ እንደሚንገዳገድ ታውቃላችሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ከሰዓት በኋላ፣ ሰሃን እያጠብኩ፣ ያሰብኩት ስለ ወረቀቴ አልነበረም።

በማግስቱ ከተማ ወርጄ የመኪና ጉዳይ ቢሮ መስኮት ላይ ቆምኩ።

"ቦሎ ለማውጣት ነው" አልኩት ሰውየውን፤ የምችለው ቃል ስለሆነ በኩራት።

"ቦሎ ትምባሆ ቤት ነው የሚከፈለው።"

"ትምባሆ ቤት መኪና ይመረምራል?"

"ስለ መኪና ምርመራ ማን አነሳ? ቦሎ ግብር ነው።"

"እኛ አገር ቦሎ የሚሰጠው መኪናው ሲመረመር ነው።"

"ይሄ የእናንተ አገር አይደለም።"

"ቃሉ ግን የእናንተ ነው" አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ሊጮህብኝ ነው ብዬ እስኪበርድለት ጠበቅኩ። አልጮኸም። ወረቀት ላይ "ሬቪዚዮኔ" ብሎ ጽፎ የምርመራ ጣቢያውን አድራሻ ሰጠኝ።

ሬቪዚዮኔው ላይ መርማሪው መኪናዋን ሲያይ የሥራ ባልደረባውን ጠራ። በጭስ ማውጫዋ ቱቦ ከተቱ፣ ወደ ማሽናቸው አዩ፣ ተያዩ። የእጅ ፍሬኗ ደግሞ በግራ በኩል አይይዝም።

"ሲኞሪና" አለኝ መርማሪው፣ "ይቺ መኪና የሚያስፈልጋት ሙዚየም ነው ወይስ መቃብር?"

"መካኒክ" አልኩት።

ወረቀቱ ላይ "ይደገም" ብሎ መታበት። አንድ ወር። በአንድ ወር ውስጥ ካልተስተካከለች አበቃላት።

የመንደሩ መካኒክ ኮፈኑን ሳይከፍት "ኖን ቫሌ ላ ፔና" አለኝ። ድካሙ አያዋጣም ማለት ነው። እዚህ አገር ከሁሉም በፊት የለመድኩት ዓረፍተ ነገር ይሄ ነው፤ ለጫማ ይሉታል፣ ለብረት ምጣድ ይሉታል፣ አንዳንዴም ስለ ሽማግሌ ሲያወሩ የሚሉት ይመስለኛል። እኛ ሰፈር "ዕቃው ይገኛል ወይ?" ብሎ ይጠየቃል እንጂ "ያዋጣል ወይ?" ያለ መካኒክ አላየሁም። ካልተገኘም ከሌላ ነገር ይሠራል።

ስለዚህ አባዬና እኔ ጀመርን። በግቢው ውስጥ፣ ጓንት ላይ ጓንት ደርቤ፣ ስልኩን ባትሪው ላይ አስቀምጬ።

"ጭሱ ምን ዓይነት ነው?"

"ሰማያዊ።"

"ዘይት እየበላች ነው። ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ። ቪዲዮ ላብራና ላሳይህ?"

"ተይው፣ ኔትወርክ ይበላል። ጆሮዬ ይበቃኛል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ክፈቺና መዳፍሽን አስቀምጪበት። ትገፋሻለች?"

"ትገፋኛለች።"

"አየሽ! ታፍናለች። ሞተሯ አላረጀም፤ መተንፈሻዋ ነው የተደፈነው። ስትታፈን ጊዜ ዘይቷን ወደማይሆን ቦታ ትገፋለች። አሁን ቀጭን ጎማ ቱቦ ፈልጊ..."

ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በመጨረሻ አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ነቅዬ አወጣሁ፤ በውስጧ ጥቁር ሙጫ የመሰለ ነገር ሞልቷል።

"ጆሮዬ ጋ አነቃንቂያት" አለ። አነቃነቅኳት። "ምንም አይሰማም። ቤንዚን ውስጥ ንከሪያት።" ነከርኳት፣ በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳት፣ እንደገና ነከርኳት። ማታ ላይ ስልኩ አጠገብ ሳነቃንቃት ጠጠር እንዳለበት ቆርቆሮ ቃጭ ቃጭ አለች።

"በቃ!" አለ አባዬ። "ተነፈሰች።" ከጀርባው ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር፤ እሱም የራሱን መኪና እየፈታ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የሚቀጥሉት ቀናት ትምህርት ቤት ነበሩ። የድሮ ሞተር ኪሎሜትሩ እስኪሞላ አይጠብቅም፤ ዘይቱን ቀደም ብለሽ ቀይሪ፣ ወፈር ያለውን ስጪያት። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ አትጨምሪ፤ ያዝገዋል። ጠዋት ስትነሳ አትጋልቢያት፤ አንቺ ከአልጋ ወርደሽ ትሮጫለሽ እንዴ? ጠብታ ካየሽ ዛሬውኑ ፈልጊው፤ ጠብታ ነገ ጠብታ ሆኖ አይቀርም። "መኪና አይሞትም፤ ይገደላል እንጂ" ይላል። የእጅ ፍሬኑን ገመድ ያስተካከሉት ግን ሲኞር ኤቶሬ ናቸው። ወንበር አስወጥተው ተቀመጡና ዝገቱን በልብስ ስፌት መኪና ዘይት አለስልሰው፣ የላላውን ስፕሪንግ ከሣጥናቸው ባወጡት ተኩት። 

የምርመራው ዕለት አባዬ ጠዋት ደወለ። "ቀዝቃዛ መኪና አታስመርምሪ። ትልቁ መንገድ ላይ አውጪያትና አንድ ሰዓት በሦስተኛ ማርሽ ንጂያት። ያጠራቀመችውን ሁሉ ትትፋ።" እንዳለኝ አደረግኩ። ከኋላዬ የሚመጣው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ሲያልፈኝ ሲኞር ኤቶሬ በምርኩዛቸው ሰላምታ ይሰጡታል።

መርማሪው ማሽኑን አየ። ቱቦውን አውጥቶ እንደገና ከተተና አየ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ያዘ።

"ሬጎላሬ" አለ። አለፈች! "ማን ነው የሠራት?"

"አባቴ።"

"ጋራዡ የት ነው?"

"አቃቂ።"

"አቃቂ... በየት በኩል ነው?"

"በደቡብ በኩል" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ የሚያውቀው ቦታ ይመስል።

ሲኞር ኤቶሬ ያን ቀን ለፓኦላ ሲደውሉ አንዲት ቃል ብቻ ነው ያሏት፤ "ሬጎላሬ"። እሷም ቃሏን ጠበቀች። ክረምታቸው በረዶውን ይዞ መጥቶ ሄደ፤ በረዶ መንገድ ከዘጋባቸው ሦስት ቀናት በቀር አንድም ሐሙስ፣ አንድም እሁድ አላለፈንም። የአገሬ መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ የነሱን ፈተና ተፈተንኩ፤ ሁለት ጊዜ ወድቄ በሦስተኛው አለፍኩ። ስለ ሞተር ክፍሎች የመጣውን ሁሉ አግኝቼ፣ ስለ እግረኛ ማቋረጫ ነበር የምወድቀው። አባዬ ይሄን ሲሰማ እንደ ወትሮው ሳይስቅ ቀረ፤ ገረመኝ።

ለምን እንዳልሳቀ የነገረችኝ እማዬ ናት። አንድ ማክሰኞ ከጎረቤት ስልክ ደወለችልኝ። "አባትሽ እንዳይሰማ ብዬ ነው።"

የአባዬ ዓይን ግፊት አለበት። ቀስ በቀስ ከዳር ከዳር እየጠበበ መጥቶ አሁን የሚያየው ፊት ለፊቱን ብቻ ነው፤ እሱንም ደብዛዛ። ሐኪሙ የቀረው እንዲቆይ እናደርጋለን እንጂ የሄደው አይመለስም ብሏል። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ስንቅ ይዛ የምትሻገር ሴት ሳያያት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ፍሬን ይዞ ቆመ፣ ወርዶ እግሯ ላይ ሊወድቅ ደረሰ፤ ሴትየዋ ናት ያጽናናችው። መኪናዋን ጎረቤት ነድቶ አመጣለት። በሳምንቱ ሳሪስ ላለ አንድ የስልጤ ነጋዴ፣ በደንብ እንደሚይዛት አስምሎ ሸጣት።

"መቼ ነው ይሄ የሆነው?" አልኳት።

"አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ወር።"

ቆጠርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ መተንፈሻዋን ስንፈታ፣ ዘይት ስንቀይር፣ አባዬ መኪና አልነበረውም።

"እና ስደውል የምሰማው የብረት ድምፅ ምንድነው?"

"መፍቻውን ይዞ በረንዳ ላይ ይቀመጣል" አለች እማዬ። "አንቺ በደወልሽ ቁጥር የመሣሪያ ሣጥኑን ያስመጣኛል። ብረቱን ከብረት ያጋጫል። እኔ ምን ልበለው?"

ያን ቀን ምን እንደሠራሁ አላስታውስም። በማግስቱ ደወልኩለት።

"አባዬ፣ መኪናዋ እንዴት ናት?"

ከጀርባው የብረቱ ድምፅ ቆመ። "እናትሽ ነገረችሽ" አለ።

"ለምን ደበቅከኝ?"

"ምን ልበልሽ? መኪና የሌለው መካኒክ ማን ይጠይቀዋል? 'አባዬ ደክሟል፣ አላስቸግረው' ብለሽ መደወል ብትቀንሺስ?"

"አባዬ፣ እኔ የምደውለው ለመኪና ብቻ ነው እንዴ?"

"አይደለም" አለ። "ግን ደህንነቴን ለመጠየቅ ስትደውዪ ሁለት ደቂቃ ነው። 'ደህና ነህ? ደህና ነኝ። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ' ነው፤ አለቀ። ለመኪና ስትደውዪ ግማሽ ቀን አብረሽኝ ትውያለሽ።"

ልምጣ ልለው ነበር፤ ግን ወረቀቴ እድሳት ላይ ነው፣ ሲኞር ኤቶሬን የማስረክበው ሰው የለም፣ ሐሙስ ደግሞ በየሳምንቱ ይመጣል። ያውቀዋል መሰለኝ፣ እሱም መቼ ትመጫለሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

"ነገ ሐሙስ አይደል?" አለኝ። "ስትሄዱ እኔንም ይዛችሁኝ ሂዱ።"

ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስሬ ይዘነው ሄድን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ያዳምጥ ነበር። መጦሪያው በር ላይ ሲኞራ ኢዳ ከፊት ገቡ፣ ቀበቷቸውን አሰሩ፣ "ፒያኖ፣ ኤቶሬ፣ ፒያኖ" አሉ።

"ምን አሉ?" አለ አባዬ።

"ቀስ በል አሉ።"

"እውነታቸውን ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ አጓራሻት።"

ሲኞር ኤቶሬ ከኋላ ሆነው "ሞቶሬ?" ብለው ጮኹለት።

"ሞተር ደህና! በጣም ደህና!" አለ አባዬ።

ከዚያ መንገዱን ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ በግራ በኩል የወይን እርሻ አለ፣ ቅጠሉ ገና መውጣቱ ነው፤ በቀኝ ሁለት አህዮች። "አህያ እዚያም አለ?" ብሎ ተገረመ። ወንዙ ጋ ደረስን። ውሃው ከበረዶው መቅለጥ የተነሳ ሞልቷል። ዳር ይዤ ቆምኩ።

"ደረስን አባዬ። ላጥፋት?"

"ቆይ" አለ። "ትንሽ ትሥራ።"

አላጠፋኋትም። ሲኞራ ኢዳ ወንዙን ያያሉ፣ ሲኞር ኤቶሬ እሳቸውን ያያሉ፣ አባዬ ያዳምጣል። በስልኩ ውስጥ የሰፈራችን ድምፅ ይመጣል፤ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የሆነ ሰው በር ሲያንኳኳ፣ ከሩቅ የእማዬ ድምፅ "ኧረ ምሳ ቀረበ፤ ና እንጂ!" ሲል።

"ቆይ" አላት አባዬ። "መንገድ ላይ ነኝ።"